ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው ድካም

በ1984 በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 656 የመልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም.ኤስ.) ሕሙማንን ስለ ድካም ጠየቁ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሞች በሽታውን የሚያውቁት በሌሎች ምልክቶቹ ነበር፤ እግር ሲከዳ፣ ዓይን ሲደበዝዝ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሚዛን ሲጠፋ። መልሱ ሲሰበሰብ ግን ከመቶ 78ቱ ድካም እንደሚያስቸግራቸው ተናገሩ። መቼ ይብስባችኋል ሲባሉም መልሳቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ቀኑ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል፣ ሙቀት ሲበረታ፣ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ከተሠራ በኋላ።

ይህን ጥናት ፈልጌ ያነበብኩት አዲስ አበባ፣ መስቀል ፍላወር በምትኖረው የአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ካዛንቺስ ባለ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ትሠራለች። ጠዋት ሥራ ስትጀምር የሚስተካከላት የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አንድ መስመር ታነባለች፣ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች፣ ተመልሳ ያንኑ ታነባለች። ማውሱን የያዘው እጇ ከጠረጴዛው ላይ አልነሣ ይላል። ስሟን ሲጠሯት ትሰማለች፤ "አቤት" እስክትል ግን ጊዜ ይወስዳል። ያኔ እንደ ብዙ ሰው "ትንሽ አረፍ ብትይስ?" አልኳት። "እትዬ፣ ባርፍም አይለቀኝም" አለችኝ።

ያልተሰጣት ምክር አልነበረም። አለቃዋ "በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደክምሻል?" ይላታል። ጓደኞቿ ቡና ያጠጧታል። አክስቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አቋሟ አንድ ነው፤ "ልጄ ደሟ አንሶ ነው" ትላለች። የደም ምርመራ ተደርጎ ሄሞግሎቢኗ ደህና መሆኑ ሲነገራት እንኳ አላመነችም። የአክስቴን ነገር አቆዩልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የበሽታዋን ስም ለማወቅም ረጅም መንገድ ተሄዷል። ሕመሙ የጀመራት ከአንድ ዓይኗ ነው፤ ጭጋግ ጋረደኝ አለች፣ መነጽር ታዘዘላት። ከወራት በኋላ ከወገቧ በታች ደነዘዘ፤ የአከርካሪ ቲቢ ተጠረጠረ፣ ቫይታሚን ተሰጣት። ኤምአርአይ ተነሥታ፣ ከጀርባዋ ፈሳሽ ተወስዶ፣ ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ ከተመረመረ በኋላ ነው የበሽታው ስም የተነገራት። መዘግየቱ አያስገርምም። ኤም.ኤስ. ለረጅም ጊዜ ከምድር ወገብ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በሽታ ተደርጎ ነው የተጻፈው። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ደግሞ ከፊቱ የተደቀነው ሸክም ሌላ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ማብቂያ በቡታጅራ ዙሪያ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ባሳተፉት ጥናት ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወጣው የሚጥል በሽታ ነው፤ ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነትም ከፊተኞቹ መካከል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው በ2006 ነው። ዛሬ ብዙ ሕሙማን የሚያገኟቸው ሐኪሞች ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑ ናቸው።

የበሽታው ምንነት ባጭሩ ይኸው ነው፦ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የነርቭ ክሮች መሸፈኛ፣ ማይሊን የሚባለውን፣ ያጠቃል። ሽፋኑ በተላጠበት ቦታ መልእክት ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያልፍም። ዣን ማርተን ሻርኮ በ1868 ፓሪስ በሚገኘው ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል የሟቾችን አንጎል ከሕይወት ዘመን ምልክታቸው ጋር አስተያይቶ በሽታውን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለየው። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ስለሚንቀጠቀጠው እጅና ስለሚወዛወዘው ዓይን ብዙ ተጻፈ። ድካም ግን በመዶሻ ተመትቶ፣ በመብራት ተበርቶ የሚታይ አልነበረም። ታማሚው ይናገራል፣ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል፣ ካርዱ ላይ አይሰፍርም። ከሲያትሉ ጥናት የማደንቀው ይህንን ነው፤ ታማሚው የሚለውን እንደ ማስረጃ ቆጠሩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1988 ኒውዮርክ ውስጥ ሎረን ክሩፕ የተባለች የነርቭ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሆና የሕሙማኑን ድካም ከጤነኛ ሰው ድካም ጋር አነጻጸረች። ጤነኛ ሰውም ይደክመዋል። የኤም.ኤስ. ድካም ግን ቶሎ ይመጣል፣ በሙቀት ይባባሳል፣ የተጀመረ ሥራ ያስጥላል፣ ኑሮን ያውካል። በቀጣዩ ዓመት ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ አወጡ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ አማካዩ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድካሙ ከተራ ድካም ያለፈ ነው ይባላል። ለአክስቴ ልጅ በአማርኛ እያነበብኩላት ሞላችው። ስትጨርስ ወረቀቱን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ይሄ ነገር የእኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው?" አለች። ሰነፍ እየተባለ ዓመታት ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን ዘጠኝ ሰዓት? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ማንም ድካምን ሳያስብ በፊት ነው። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 እንደጻፈው፣ አንዳንድ የኤም.ኤስ. ሕሙማን ሰውነታቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ ዓይናቸው ይደበዝዝና ሲያርፉ ይመለስላቸዋል። በኋላ ምክንያቱ የሰውነት ሙቀት መሆኑ ታወቀ። ኤምአርአይ ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች በሽታውን ለማጣራት ታማሚውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከማስቀመጥ ደርሰዋል፤ ምልክቱ ከባሰ በሽታው ተጠረጠረ ማለት ነው። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ መልእክት የሚያሳልፈው በጭንቅ ስለሆነ፣ የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ሊዘጋው ይችላል። የሰው ልጅ ውስጣዊ ሙቀት ደግሞ በተፈጥሮው ሌሊት ወደ ንጋት ዝቅ ይልና ከሰዓት በኋላ እስከ ማምሻው እየወጣ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትደክመው ስለሠራች ብቻ አልነበረም። የሰውነቷ ሰዓት ራሱ ወደዚያ እየወሰዳት ነበር።

ይህን ሳስረዳት ቅዳሜ ትዝ አላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጀራ ትጋግራለች፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ያለው በጠባብ፣ መስኮት በሌለው ማድቤት ነው። ሊጡ ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ዓይኗ ስለሚደበዝዝ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን እንኳ ለይታ ማየት ያቅታታል። ለዓመታት የሚያደክማት እንፋሎቱ ነው ብላ ታስብ ነበር። አሁን የምትጋግረው ማለዳ፣ በሩን ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገቧ አድርጋ ነው። አክስቴም አንድ ነገር ጨመረችበት፦ "ጸበል ስወስዳት ግን ትበረታ ነበር፤ ያን ቀን ደረጃውን ብቻዋን ነው የወጣችው።" ጸበል በእምነት የሚሰጠውን የምመዝነው እኔ አይደለሁም። የቀዝቃዛው ውሃ ድርሻ ግን ሐኪሞችም የሚያውቁት ነው። በ2003 በታተመ ጥናት ሕሙማን የሚያቀዘቅዝ ልብስ ለብሰው ሲፈተኑ እንቅስቃሴያቸውና እይታቸው በመጠኑ ተሻሽሏል፤ በየቀኑ የለበሱትም ድካማቸው እንደቀነሰ ተናግረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቀዝቃዛው ውሃ ያበረታል እንጂ በሽታውን አያቆምም። በጸበሉ ምክንያት መድኃኒቷን ያቋረጠች ሌላ ታማሚ አውቃለሁ፤ ሕመሙ ሲያገረሽባት እግሯን ነው የወሰደው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

ሙቀት ግን ሁሉንም አይመልስም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ በሐምሌ ዝናብም ቢሆን ልጅቷ ይደክማታል። ድካሙ ከአንጎል ውስጥ ሌላ ምንጭ እንዳለው ያሳየው በ1997 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አንጎል ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም በፔት ምርመራ አዩ። ድካም የሚያሠቃያቸው ሕሙማን፣ ያው በሽታ ኖሯቸው ድካም ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከግንባር በስተጀርባ ባለው የአንጎል ክፍልና ከሥሩ ባሉት የእንቅስቃሴ ማዕከሎች የስኳር አጠቃቀማቸው ቀንሶ ተገኘ። አለቃዋ "ምን ያደክምሻል?" ሲላት፣ መልሱ በምስል መታየት ከጀመረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎታል።

ከአንጎል ከሆነ ታዲያ ለአንጎል የሚሆን ክኒን ይኖራል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ዓለምም እንዲያ ነው ያሰበው። በ1985 ካናዳዊው ሐኪም ጆክ መሬይ አማንታዲን የተባለውን፣ መጀመሪያ ለኢንፍሉዌንዛ የተሠራ መድኃኒት፣ ለኤም.ኤስ. ድካም ሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት አገኘ። ከዚያም ለእንቅልፋሞች የሚታዘዘው ሞዳፊኒል መጣ፤ ሜቲልፌኒዴትም ተከተለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐኪሞች እነዚህን ሲያዙ ኖሩ። የአክስቴ ልጅም ስለ አማንታዲን ሰምታ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር "ታመጪልኛለሽ?" ትል ነበር።

በ2021 በታተመ ጥናት ባርዲያ ኑርባክሽ የሚመሩት ቡድን ሁሉንም በአንድ ላይ ፈተነ። 141 ሕሙማን ሦስቱን መድኃኒቶችና ምንም መድኃኒት የሌለበትን ክኒን በየተራ፣ እያንዳንዱን እስከ ስድስት ሳምንት ወሰዱ፤ የትኛውን እየወሰዱ እንደሆነ አያውቁም። ውጤቱ ሲገለጥ ሰዎቹ በሁሉም ክኒን ትንሽ ተሽሏቸዋል፤ ባዶው ክኒንም ጭምር። ከሦስቱ አንዳቸውም ከባዶው አልበለጡም። በመድኃኒቶቹ ላይ የጎንዮሽ ጉዳቱ በዛ ያለ ነበር። ይህን ስነግራት ከፋት፤ እኔም ከፋኝ። ይሁንና ከዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ቀን ቀን እንቅልፍ በሚያስቸግራቸው ሰዎች ላይ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት ጥቂት የረዱ መስለው ነበር። እንግዲህ ዛል ብሎ መድከም አንድ ነገር ነው፤ ዓይን እየተከደነ ማንጎላጀት ሌላ። ሁለቱን ለይቶ የጠየቃት ሰው ግን እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

የለየላት ወጣት ሐኪም ነው። በቀጠሮዋ ቀን አክስቴም እኔም አብረን ገባን። ምርመራውን ጨርሶ ከተቀመጠ በኋላ ወደ አክስቴ ዞረና "እናቴ፣ ልጅዎ ሌሊቱን እንዴት ነው የምታሳልፈው?" ብሎ ጠየቃት። አክስቴ ጥያቄውን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል "ኧረ ዶክተር፣ እንቅልፍ የት አላት! እግሯን ስታወራጭ ነው የሚነጋው። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ እኔንም ታስነሣኛለች" አለችው። የአክስቴ ልጅ ደነገጠች። ስለ እግሯ ለሐኪም ተናግራ አታውቅም፤ ከድካሙ ጋር የሚገናኝ አልመሰላትም። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ጥያቄውን ለእሷ ቀጠለ። ሲመሽ ይብሳል? አዎ። ስትተኚ ነው ወይስ ስትንቀሳቀሺ? ስተኛ። ጡንቻው ይኮማተራል? አይ፣ ውስጡን የሚስበኝ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ልተኛ ብል አያስችለኝም። ተነሥተሽ ስትራመጂስ? ያኔ ይለቀኛል።

የመጨረሻዋ መልስ ናት ነገሩን የለየችው። በኤም.ኤስ. የሚመጣው የጡንቻ መኮማተር በመራመድ አይለቅም፤ እግር አላስተኛ የሚለው ሕመም ግን ይለቃል። ይህን ሕመም ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም በ1945 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ጽፎታል። ከኤም.ኤስ. ጋር ያለው ዝምድና በስፋት የተጠናው ግን ዘግይቶ፣ በ2008 ጣሊያን ውስጥ ነው፤ 861 የኤም.ኤስ. ሕሙማን ሲጠየቁ ከመቶ 19ኙ ላይ ተገኘ፤ ከጤነኞቹ ላይ የተገኘው ከመቶ 4 ገደማ ነበር። አምስት ሕሙማን በተሰበሰቡበት አንዷ ሌሊቱን እየተራመደች ታድራለች እንደማለት ነው።

ሐኪሙ ፌሪቲን የተባለ የደም ምርመራ አዘዘ። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ እየሠራ ያለውን ብረት ሲያሳይ፣ ፌሪቲን የሚያሳየው በሰውነት የተከማቸውን ነው። ክምችቱ ተሟጦ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሊሆን ይችላል። አንጎል ዶፓሚን ለመሥራት ብረት ስለሚያስፈልገው፣ እግር አላስተኛ ያለው ሰው ፌሪቲኑ ከ75 በታች ከሆነ ብረት እንዲሰጠው መመሪያዎች ያዛሉ። የእሷ ከዚያ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። አክስቴ ውጤቱን ስትሰማ "ደሟ አንሶ ነው ብዬ አልነበር?" አለች። ለብዙ ጊዜ "አይደለም" ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ ያን ዕለት ሐኪሙ ራሱ "እናቴ፣ ልክ ነበሩ" አላት።

ብረት የሚወስድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቡናና ሻይ ሰውነት ብረትን እንዳይቀበል ያደርጋሉ። እኛ ደግሞ ምግብ ተነሥቶ ቡና ካልቀረበ የበላን አይመስለንም። ክኒኑ ከቡናው መራቅ ነበረበት። ቡናውም ከሌሊቱ። የእነ አክስቴ ቡና የሚፈላው ሥራ ተፈትቶ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በ2013 በታተመ ጥናት ብዛት ያለው ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት እንኳ ተወስዶ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ቡናውን ይተዉ ማለት ግን ጎረቤቱን ይተዉ ማለት ስለሚሆን አልተባለም። ሥነ ሥርዓቱ ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀትር ተዛወረ፤ በሥራ ቀን ምሽት እሷ የምትጠጣው የጠጅ ሳር ሻይ ነው።

ከዚህ በላይ ሌሊቷን የሚቆራርጠው ሽንት ነበር። ኤም.ኤስ. የፊኛን ነርቭ ሲነካ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። መሥሪያ ቤት መጸዳጃ ፍለጋ እንዳትሯሯጥ ብላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ውላ ማታ ትጠጣ ነበር። ውሃ በመተው የወፈረ ሽንት ፊኛን የባሰ ያስቆጣል፤ ማታ የተጠጣው ደግሞ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ ገለበጠው፤ ውሃው በቀን፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በልኩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለመኖሩንም አስመረመረ፤ ትንሽ ኢንፌክሽን የኤም.ኤስ. ምልክቶችን ሁሉ ሊያባብስ ይችላልና። ሕመሙ ሲያገረሽ የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎንም እንቅልፍ እንደሚያሳጣ፣ ስለዚህ ጠዋት ቢሰጥ እንደሚሻል የነገራት ያኔ ነው።

ሰፈሩም አለ። መስቀል ፍላወርን የሚያውቅ ሰው ማታውን ያውቃል፤ ምግብ ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሙዚቃው እኩለ ሌሊትን ያልፋል። ሙዚቃው ሲያርፍ ውሻው ይጀምራል፤ ውሻው ሲያርፍ የቅዳሴውና የአዛኑ ድምፅ ይመጣል። አልጋዋ ወደ መንገዱ ባለው ክፍል ነበር፤ ወደ ጓሮው ዞረ። ከዚያ የቀረው በአልጋና በእንቅልፍ መካከል የተበላሸውን ነገር መጠገን ነው። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ያቀረበው ዘዴ ይኼ ነው፦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ወደ አልጋ መሄድ፣ አልጋ ላይ ስልክ አለመነካካት፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መቀመጥ፣ ምንም ያህል ቢተኛ በአንድ ሰዓት መነሣት። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት፣ ይህን ዓይነት ዘዴ የሚያካትተውን የባሕርይ ሕክምና ከክኒን አስቀድሟል። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ከበዳት። እሑድ ጠዋት መተኛትን ሰውነቷ እንደ መብት ይዞት ነበርና።

የእሷ ሌሊት ውስጥ ያልተገኘ፣ የሌሎች ሕሙማን ሌሊት ውስጥ ግን ተደብቆ የሚኖር አንድ ነገር አለ፤ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ። ቲፋኒ ብሬሊና ባልደረቦቿ በ2014 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ባወጡት ጥናት 195 የኤም.ኤስ. ሕሙማን ተጠይቀው ከመቶ 56ቱ ለዚህ ችግር የተጋለጡ መሆናቸው ታየ፤ ችግሩ በሐኪም የተረጋገጠላቸው ግን 21 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሊት ሙሉ በመሣሪያ የሚደረገው ምርመራ ውድ ነው። መነሻው ግን ወረቀትና የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ይጠይቃል። ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ደም ግፊት አለብህ? ከዚያ ውፍረት፣ ከ50 በላይ የሆነ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያለፈ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድነት ይታያሉ። "አዎ" እየበዛ ሲሄድ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሦስተኛውን ጥያቄ ታማሚው ራሱ ሊመልሰው አይችልም፤ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው የሚያውቀው። ሚስት፣ ባል፣ እናት፣ እህት ለዚህ ሕክምና ምስክር ናቸው፤ ምርመራ ክፍል ይዟቸው የሚገባ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌሊቱ ሲስተካከል ቀኑ ብቻውን አልተስተካከለም። ወራት ወስዷል፤ የእግሯ ሕመም ከብረቱ በኋላ ቀስ በቀስ ነው የተዋት፣ አሁንም በወር አበባዋ ሰሞን ይመለስባታል። ቀኑን በተመለከተ የረዳት በ2005 ከሚኒሶታ የወጣ ጥናት ያሳየው ነገር ነው፤ 169 ሕሙማን ለስድስት ሳምንት ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ተምረው ድካሙ በኑሯቸው ላይ የሚያደርሰው ጫና ቀነሰ። ሳይደክሙ ማረፍ፣ ተቀምጦ መሥራት፣ ከባዱን ነገር ጉልበት ባለበት ሰዓት መጨረስ። ሽንኩርት የምትከትፈው በዱካ ተቀምጣ ነው። የወር መዝጊያው ሒሳብ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ መደርደርና ስልክ መመለስ። አለቃዋ ይህን የፈቀደው የሐኪም ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስህተቷ መቀነሱን ራሱ ተናግሯል።

እንቅስቃሴም አለበት። ድሮ የኤም.ኤስ. ሕሙማን ሰውነታቸው እንዳይሞቅ ስፖርት እንዲተዉ ይመከሩ ነበር። በ1996 ዩታ ውስጥ 54 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን አፈረሰው፤ ለ15 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ 40 40 ደቂቃ የሠሩት አቅማቸው ጨመረ፣ ስሜታቸውም ተሻሻለ። እሷ የምትራመደው ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ፣ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው በኩል ነው። በ2024 በታተመ ጥናት ደግሞ ብሬሊና ባልደረቦቿ 336 ሕሙማንን በሦስት ከፍለው አንዱን ቡድን በሞዳፊኒል፣ ሁለተኛውን በስልክ በሚሰጥ የንግግር ሕክምና፣ ሦስተኛውን በሁለቱም ረዱ። ሦስቱም ቡድኖች ድካማቸው በተቀራራቢ መጠን ቀነሰ፤ የሰዎቹ የእንቅልፍ ልማድም ለማን የትኛው እንደሚሻል የሚወስን መስሎ ታየ። እንግዲህ ባዶ እጁን ለቀረ ሰው ትልቁ ዜና ይህ ነው፤ የተማረ ሰው ድምፅና የታማሚው ጥረት ከክኒኑ አላነሱም። በአማርኛ፣ በስልክ፣ ለኤም.ኤስ. ሕሙማን እንዲህ ያለ ሕክምና ቢጀመር የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰውና የአየር ሰዓት ነው። ኤምአርአይ ማሽን ከመግዛት ይቀላል፤ ሊሠራ የሚገባውም አሁን ነው።

በሽታውን ራሱን የሚገታው መድኃኒት ነገር ደግሞ ሌላ ትግል ነው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለኤም.ኤስ. ግላቲራመርን፣ ክላድሪቢንንና ሪቱክሲማብን አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ አገሮች ለመግዛት መነሻ የሚሆናቸው ይህ ዝርዝር ነው። የአክስቴ ልጅ ድካም አሁን ከዘጠኝ ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተገፍቷል፤ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ሥራዋን ጨርሳ፣ ታክሲ ይዛ ቤቷ ትደርሳለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፌሪቲኗ እንደገና ይለካል፣ የፊኛዋም ነገር ይታያል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ከቀኑ ጎን "እናትዋም አብረው ይግቡ" ብሎ ጽፏል።